መርፌ የሌለው ትልቁ ሲሪንጅ፦ በአርሶ አደሩ ቤት የፈሳሽ መለኪያ

በአርሶ አደሩ ቤት የእህል ልክ የታወቀ ነው። ጤፍና ገብስ በቁናና በጣሳ ይሰፈራል፣ በኩንታል ይሸጣል፤ መሬት በጥማድ ይቆጠራል። ፈሳሽ ላይ ሲደረስ ግን ልክ ይጠፋና ግምት ይተካል። ፀረ አረሙ በጠርሙስ ክዳን፣ የበጉ የትል መድኃኒት በቡና ሲኒ፣ እናቱ የሞተችበት ግልገል ወተት ደግሞ “ይበቃዋል” በሚል ግምት ይሰጣል።

ግምቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። መጠኑ ያነሰ ፀረ አረም ገንዘብ አስወጥቶ አረሙን ሳይገድል ይቀራል፤ የበዛው ሰብሉን ይጎዳል። ያነሰ የትል መድኃኒት ትሉን ከመግደል ይልቅ መድኃኒቱን ያለማምደዋል። በጠርሙስ በችኮላ የተጋተ በግ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሞት ይችላል። በወቅቱና በበቂ መጠን እንገር ያላገኘ ግልገል ደግሞ በሽታ የሚቋቋምበት አቅም ሳይኖረው ያድራል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ መርፌ ያልተሰካበት ትልቅ የፕላስቲክ ሲሪንጅ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። አንደኛ፣ ሲሪንጁ አዲስ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አንዱ ሲሪንጅ ለአንድ ሥራ ብቻ መዋል አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከተጣሱ ጥቅሙ ሁሉ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ሲገዛ ምን ይታያል?

ሲሪንጅ ከእንስሳት መድኃኒት መሸጫና ከፋርማሲ ይገኛል። መጠኑ ከ1 ሚሊ ሊትር ጀምሮ እስከ 50 እና 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በብዙ ቦታ “ሲሲ” እየተባለ የሚጠራው ከሚሊ ሊትር ጋር አንድ ነው፤ 1 ሲሲ ማለት 1 ሚሊ ሊትር ነው። የትልቁ ሲሪንጅ ጫፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አጭርና ቀጭን ሆኖ መርፌ የሚሰካበት ነው። ሌላው ረዘም ብሎ ወደ ጫፉ የሚሾል ሲሆን ለመመገቢያ ቱቦ የተሠራ ነው። ለቤትና ለእርሻ ሥራ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። መርፌ አይያዝለትም፤ ወፍራም ፈሳሽም በቀላሉ ያሳልፋል።

ትልቁ ሲሪንጅ ለጥቂት ጠብታ አይሆንም። ከ5 ሚሊ ሊትር በታች የሆነ መጠን በ5 ወይም በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቢለካ ስህተቱ ያንሳል። ልኩ የሚነበበው ፈሳሹን በሚነካው የጎማው የፊት ጠርዝ ላይ እንጂ በኋለኛው ጠርዝ ላይ አይደለም። በፍጥነት ከተሳበ አየር ይገባና የተለካው መጠን ይጎድላል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ አየሩን ማስወጣትና እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

በጤና ጣቢያ፣ በክሊኒክ ወይም በክትባት ዘመቻ ጥቅም ላይ የዋለ ሲሪንጅ ታጥቦም ቢሆን ለምንም ሥራ አይወሰድም። በሄፓታይተስ ቢ፣ በሄፓታይተስ ሲ እና በኤች አይ ቪ የመያዝ አደጋ አለው። በጤና ተቋማት ያገለገሉ መርፌዎችና ሲሪንጆች በልዩ የመሰብሰቢያ ሣጥን ተጠራቅመው የሚቃጠሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ሕፃናት ከቆሻሻ መጣያ አንስተው የሚጫወቱበት ሲሪንጅ ከተገኘ በእጅ ሳይነካ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል።

ለደካማ ግልገል እንገር

እንደ መንዝ ባሉ ብርዳማ ደጋዎች የበግ አርቢው ትልቁ ፈተና ግልገሉን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማሻገር ነው። ግልገል ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበት አቅም በደሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። አቅሙን የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው። የግልገሉ አንጀት ይህን የመከላከያ ንጥረ ነገር ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ 24 ሰዓት ከሞላ በኋላ በሩ ይዘጋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠጣው እንገር ምግብ ቢሆነውም የመከላከል አቅሙን አይሰጠውም።

ስለዚህ መንታ የወለደች፣ ጡቷ የታመመ ወይም የሞተች እናት ግልገል ሳይዘገይ መረዳት አለበት። የሚመከረው መጠን ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ግራም የግልገሉ ክብደት በአንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይህ እስከ 4 ጊዜ ተደጋግሞ በኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ያህል መድረስ አለበት። 2 ኪሎ የሚመዝን ግልገል በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ባለ 50ው ሲሪንጅ 2 ጊዜ ሞልቶ፣ በቀን በድምሩ 400 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። 3 ኪሎ ለሚመዝነው በአንድ ጊዜ 150፣ በቀን 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የመጀመሪያው በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ከ6 ሰዓት ግን ማለፍ የለበትም።

እንገሩ ከራሷ ከእናቱ ከታለበ ይበልጣል። ካልተገኘ በዚያው ሰሞን ከወለደች ሌላ በግ ወይም ፍየል፣ እሱም ከጠፋ ከላም መውሰድ ይቻላል። ሲሰጥ የሰውነት ሙቀት ያህል ለብ ያለ መሆን አለበት። እሳት ላይ ከተጣደ ይቋጠራል፤ ጥቅሙም ይጠፋል። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማሞቅ ይሻላል።

አሰጣጡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግልገሉ በደረቱ ተደግፎ ወይም ቆሞ ይያዛል እንጂ በጀርባው አይንጋለልም። የሲሪንጁ ጫፍ በአፉ ጎን በኩል ይገባል፤ ጥቂት በጥቂቱ ይገፋል፤ ግልገሉ እስኪውጥ ይጠበቃል። የሚጠባ ግልገል ከሆነ ጡጦ ይሻለዋል፤ ሲሪንጁ በዚያን ጊዜ መጠኑን ለመለካት ብቻ ያገለግላል።

እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ነገር አለ። ጣት አፉ ውስጥ ሲገባ አፉ ቀዝቃዛ የሆነ፣ የማይጠባና የማይውጥ ግልገል ምንም ነገር በአፉ አይፈስበትም። የፈሰሰው ሁሉ ወደ ሳንባው ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ግልገል በደረቅ ጨርቅ አሽቶ ማድረቅ፣ ከነፋስ ማስጠለልና የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአስቸኳይ መጥራት ይገባል። በቱቦ በቀጥታ ወደ ሆድ መስጠት ይቻላል፤ ሥራው ግን የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

ለጥጃም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል እንገር ማግኘት አለበት። 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ 2 ሊትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህን ያህል በሲሪንጅ ማጠጣት አድካሚ ስለሆነ ለጥጃ ጡጦ ወይም ባልዲ ይመረጣል።

በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት

የትል መድኃኒት ፈሳሽ ሲሆን መጠኑ የሚወሰነው በእንስሳው ክብደት ነው። ለምሳሌ የመድኃኒቱ ጽሑፍ “ለ5 ኪሎ ግራም 1 ሚሊ ሊትር” ካለ፣ 25 ኪሎ የሚመዝን በግ 5 ሚሊ ሊትር፣ 40 ኪሎ የሚመዝነው 8 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ጽሑፉ በየመድኃኒቱ ስለሚለያይ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሠራም። ክብደቱ በግምት ዝቅ ተደርጎ ከተወሰደ መድኃኒቱ ያንሳል፤ የተረፉት ትሎችም መድኃኒቱን የለመዱ ይሆናሉ። በመንደሩ ተንጠልጣይ ሚዛን ካለ መጠቀም ይገባል። ከሌለ በመጠን ተቀራራቢ የሆኑትን በጎች ለይቶ በከባዱ ክብደት ማስላት የተለመደ አሠራር ነው።

ጠርሙሱ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ መናጥ አለበት። ብዙ የትል መድኃኒቶች ሲቀመጡ ዋናው ንጥረ ነገር ወደ ታች ስለሚዘቅጥ፣ ሳይናጥ የተቀዳው የመጀመሪያው ልክ ቀጭን፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል። ሲሰጥ የሲሪንጁ ጫፍ በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ባለው ክፍተት በጎን ይገባል። የበጉ ራስ ወደ ላይ አይቀናም፤ አፍንጫው ከዓይኑ ከፍ እንዲል ከተደረገ መዋጥ ስለሚከብደው ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በጉ ካሳለ ወዲያው ማቆምና ራሱን መልቀቅ ያስፈልጋል።

የከበደች እናት በግ ከመታከሟ በፊት ባለሙያ መጠየቅ አለበት። አልቤንዳዞልን የመሰሉ መድኃኒቶች በእርግዝናው መጀመሪያ ሽሉን ሊጎዱ ይችላሉ። በሌላ በኩል ሲሪንጅ ቤት ውስጥ መኖሩ በራስ እጅ መርፌ ለመውጋት ፈቃድ አይደለም። ያለ ባለሙያ የሚወጋ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በወተትና በሥጋ ውስጥ ቅሪቱ ይቆያል፤ ጀርሞችንም ያለማምዳል።

ኬሚካል በክዳን አይለካም

በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚለማባቸው እንደ ፎገራ ባሉ ወረዳዎችም ሆነ ስንዴና ጤፍ አምራች በሆኑ አካባቢዎች የኬሚካል ርጭት የዘወትር ሥራ ሆኗል። የጠርሙስ ክዳኖች ግን አንድ ዓይነት መጠን የላቸውም። “3 ክዳን ጨምር” የሚለው የጎረቤት ምክር በሌላ ክዳን ሌላ መጠን ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በጽሑፉ ላይ ለ1 ሄክታር 1 ሊትር ኬሚካል በ200 ሊትር ውሃ ከተባለ፣ 20 ሊትር የሚይዝ መርጫ 100 ሚሊ ሊትር፣ 15 ሊትር የሚይዘው ደግሞ 75 ሚሊ ሊትር ይገባዋል። በባለ 15 ሊትሩ መርጫ 75 ፈንታ 100 ሚሊ ሊትር የጨመረ አርሶ አደር በየሙሌቱ ከሚገባው ሲሶ ያህል አብልጧል ማለት ነው። ይህ በሄክታር ሲሰላ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ትርፍ ኬሚካል ነው። ገንዘቡም ሰብሉም ይጎዳል።

እያንዳንዱ ሰው ሲረጭ የሚራመድበት ፍጥነትና የሚያፈሰው ውሃ ስለሚለያይ የራስን ልክ ማወቅ ይጠቅማል። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ መለካት፣ መርጫውን በንጹሕ ውሃ እስከ ምልክቱ መሙላት፣ እንደ ወትሮው መርጨት፣ ከዚያም የጎደለውን ውሃ በተለካ ዕቃ መልሶ መሙላት በቂ ነው። ቦታው የ1 ሄክታር አንድ መቶኛ ስለሆነ የጎደለው በ100 ይባዛል። 2 ሊትር ተኩል ከጎደለ በሄክታር 250 ሊትር ውሃ ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ለ1 ሄክታር 1 ሊትር የሚፈልገው ኬሚካል ለባለ 15 ሊትሩ መርጫ 60 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 1 ጥማድ ሩብ ሄክታር በሆነበት አካባቢ ደግሞ ለአንድ ጥማድ የሚበቃው ኬሚካል በጠቅላላው 250 ሚሊ ሊትር ነው።

ሲለካ ጓንት ማድረግ፣ ነፋሱን በጀርባ መስጠትና ሕፃናትን ማራቅ ያስፈልጋል። ኬሚካልን በአፍ በቱቦ መሳብ ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ሲሪንጁ ይህን አደጋ ያስቀራል። መርጫው መጀመሪያ ግማሽ ድረስ በውሃ ይሞላል፤ ቀጥሎ የተለካው ኬሚካል ይጨመራል፤ በመጨረሻ ቀሪው ውሃ ይገባል። ሲሪንጁ ከሥራ በኋላ 3 ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። እጣቢው ወደ መርጫው ይመለሳል እንጂ ወደ ወንዝ፣ ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ከብት መጠጫ አይደፋም።

ሁለት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። ማንኮዜብን የመሰሉ ዱቄት ኬሚካሎች የሚለኩት በክብደት ስለሆነ ሲሪንጅ አይሆናቸውም። ሌላው፣ የፀረ አረም ሲሪንጅ ለነፍሳት ኬሚካል አይውልም። በስንዴና በጤፍ ማሳ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ በጥቂቱ እንኳ ከተረፈ ቲማቲምን፣ በርበሬንና ባቄላን የመሰሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ሰብሎች ያጠወልጋል። መርጫውም እንዲሁ መለየት ወይም በሚገባ መታጠብ አለበት።

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን

በቤት ውስጥ ሲሪንጅ በጣም ከሚጠቅምባቸው ሥራዎች አንዱ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርን በልክ ማዘጋጀትና መስጠት ነው። በአብዛኛው የሚታደለው ከረጢት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የተዘጋጀ ነው። ውሃው ካነሰ ጨዉ ይበዛል፣ ለሕፃኑ አደጋ ይሆናል፤ ውሃው ከበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። ልኩ ያልታወቀ ጆግ ካለ፣ አዲስ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ 20 ጊዜ ሞልቶ ማፍሰስና ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ያ ምልክት 1 ሊትር ነው።

ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ተቅማጥ ባለው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 ዓመት በላይ የሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ሕፃኑ ቀና ብሎ ተደግፎ በማንኪያ ወይም በጉንጩ በኩል በትንሽ ሲሪንጅ ጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። ካስታወከ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ቀስ ብሎ መቀጠል ነው። መጠጣት ያቃተው፣ ዓይኑ የጎደጎደ ወይም በሰገራው ደም የታየበት ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። የሲሪንጁ ጫፍ ትንሽ ክዳን ካላት አስቀድማ ትጣል፤ በሕፃን ጉሮሮ ልትሰነቀር ትችላለችና።

የዝናብ መለኪያ

የሜትሮሎጂ ጣቢያ በራቀበት ቀበሌ የዝናብ መጠን በሲሪንጅና በቀጥ ያለ ጣሳ ሊለካ ይችላል። የጣሳው አፍና ወገብ እኩል መሆን አለበት። ጣሳው 1 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ምሰሶ ላይ፣ ከዛፍና ከቤት ርቆ፣ አፉ ሳያዘነብል ይታሰራል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመው ውሃ በሲሪንጅ ተስቦ ይለካል፤ ይመዘገባል።

የአፉ ስፋት ከጠርዝ ጠርዝ 11 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጣሳ ከተገኘ ስሌቱ ይቀላል፤ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። አፉ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጣሳ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 12 ሴንቲ ሜትር በሆነው ደግሞ 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ይሰጣል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ 100 ሺህ ሊትር ውሃ መሆኑን ማወቅ ለመስኖና ለውሃ ማቆር ሥራም ይረዳል።

ዋናው ጥቅም ግን በዘር ወቅት ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ተቻኩሎ የተዘራ ዘር ዝናቡ ሲቋረጥ በቅሎ ይደርቃል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የክረምቱን መግባት ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ በ3 ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ መዝነቡና ከዚያ በኋላ ረጅም የደረቅ ጊዜ አለመከተሉ ነው። የኋለኛውን የሚናገረው ትንበያው ነው፤ የፊተኛውን ግን አርሶ አደሩ ራሱ በደጁ መለካት ይችላል።

እርከን ለሚያወጡ

ሁለት ትልልቅ ሲሪንጆች የሚገፋው ዘንጋቸው ወጥቶ በ10 ሜትር ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ጫፍና ጫፍ ቢገጠሙ ለተፋሰስ ሥራ የሚሆን ውኃ ልክ ይወጣቸዋል። ሲሪንጆቹ ቁመታቸው እኩል በሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ላይ በእኩል ከፍታ ይታሰራሉ፤ በየጎናቸው የተማሪ ማስመሪያ ይለጠፋል። ቱቦው ውሃ ተሞልቶ በሁለቱም በኩል የውሃው ከፍታ ሲሪንጁ መሃል ላይ እንዲሆን ይደረጋል።

ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ስለሚፈልግ፣ በሁለቱ ማስመሪያዎች ላይ የሚነበበው ቁጥር እኩል ከሆነ ሁለቱ እንጨቶች የቆሙበት መሬት እኩል ከፍታ አለው። ሁለተኛው ሰው ይህ እስኪሆን ድረስ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ቦታው በችካል ምልክት ይደረግበታል። ውሃ የሚያፋስስ እርከን ወይም ቦይ ሲሆን ባለሙያው የሚያዘው ተዳፋት ይወሰዳል፤ በ10 ሜትር ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማለት ግማሽ በመቶ ተዳፋት ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ይሳሳታል፤ ውሃው እስኪረጋ መታገሥም ያስፈልጋል። ከቦታ ቦታ ሲኬድ የሲሪንጆቹ አፍ በእጅ ይደፈናል።

ሌሎች ሥራዎች

አበባ በሚጠፋበት ወቅት ለደከመ የንብ መንጋ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ከቀዘቀዘ በኋላ በሲሪንጅ ወደ መመገቢያው ይጨመራል። ሥራው ማምሸት አለበት፤ ከቀፎ ውጭ የፈሰሰ የስኳር ውሃ ሌሎች ንቦችን ለዝርፊያ ይጠራል።

ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎላቸው የሚሠሩ ሞተሮች ልካቸው 25 ለ1 ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ 50 ለ1 ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል። የውሃ ፓምፕ አሮጌ ዘይት ጠባብ ከሆነው አፉ በሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ ሊሳብ ይችላል። ኩራዝ ያለ መንጠባጠብ መሙላትም ሌላው ጥቅም ነው። ሆኖም ቤንዚንና ነጭ ጋዝ የሲሪንጁን ጎማ ያሳብጡታል፤ ጎማው ካበጠ ልኩ ስለሚዛባ ሲሪንጁ መለወጥ አለበት።

አንዱ ሲሪንጅ ለአንድ ሥራ

አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከመቀላቀል ነው። ኬሚካል የተለካበት ሲሪንጅ የቱንም ያህል ቢታጠብ ወደ ወተት፣ ወደ መድኃኒት ወይም ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም። ፕላስቲኩና ጎማው ቅሪቱን ይይዛሉ፤ ዓይንም አፍንጫም ላይለዩት ይችላሉ። ስለዚህ በየሲሪንጁ ላይ በቀለም ወይም በክር ምልክት ማድረግ ይጠቅማል፤ ለኬሚካል ቀይ፣ ለእንስሳት አረንጓዴ፣ ለሰው ነጭ እንደማለት ነው። ማንበብ የማይችል የቤተሰብ አባልም በቀለሙ ይለየዋል። የኬሚካሉ ከኬሚካሉ ጋር ተቆልፎበት ከቤት ውጭ ይቀመጣል።

ለእንገርና ለወተት የሚውለው በየጊዜው ዘንጉ ወጥቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ በጥላ ይደርቃል። ፀሐይ ፕላስቲኩን ያሰብራል። ጎማው ከደረቀና መግፋት ካስቸገረ ጥቂት የምግብ ዘይት ይቀባል። የቁጥሩ ጽሑፍ በእጅና በዘይት ስለሚለቅ ገና አዲስ ሳለ ግልጽ በሆነ ስኮች ቴፕ መሸፈን ይመከራል። ቁጥሩ የጠፋበት ሲሪንጅ መለኪያነቱ አብቅቷል።

ከወረዳና ከቀበሌ ምን ይጠበቃል?

ይህ ሥራ በጀት የሚጠይቅ ፕሮጀክት አያስፈልገውም። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት በርጭት ወቅት መግቢያ ላይ የ10 በ10 ሜትሩን ልኬት በተግባር ቢያሳዩ አርሶ አደሩ የራሱን መርጫ ልክ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኬሚካል የሚያከፋፍሉ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ሱቆች ከኬሚካሉ ጎን አዲስ ሲሪንጅ ቢያቀርቡና በአካባቢው ባሉት የ15 እና የ20 ሊትር መርጫዎች ልክ መጠኑን በአማርኛ ጽፈው ቢለጥፉ የክዳኑ ልማድ ይቀንሳል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ደግሞ በጎች ከሚወልዱበት ወቅት አስቀድመው የእንገሩን መጠንና አሰጣጥ፣ በተለይም የማይውጥ ግልገል በአፉ ፈሳሽ እንደማይሰጠው፣ ለሴቶችና ለወጣቶች በተግባር ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። በብዙ ቤት ግልገሉን የሚንከባከቡት እነርሱ ናቸውና። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያገለገለ ሲሪንጅ ከመንደር እንዲጠፋ ማድረጉን ከግብርናው ጋር በቅንጅት ሊሠሩት ይገባል። በየቀበሌው የሚመዘገበው የዝናብ ልክም በየሳምንቱ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢደርስ፣ የዘር ጊዜ ምክሩ ለየቀበሌው የተለየና ይበልጥ የሚታመን ይሆናል።